ምዕራፍ ሰባት

ፍኖተ ሰላም፣ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ፣ ካለችው ጠባብ ፎቅ፣
ስድስት ወር ሙሉ እጽፋለሁ፣ ለማይቆጣ፣ ለማይስቅ፣
የዘፈን ፋይል ገብቶ ለሚያርም፣ ለሚቆርጥ፣ ለሚቀጥል፣
ለሰው ሠራሽ ረዳት፤ መመሪያ ነው፣ ለገዢ የሚታደል።

እንየው ነው የሠራው። እኔ፣ እንዴት እንደሚታዘዝ ነው የምጽፈው።
ቀላል ይመስላል። ሞክረው።
አጎቱ ዲማ፣ አያቱ ዋሸራ፣ ቃል ሲገለብጡ ኖረው፣
"እንዴት አደርህ" ቢሉት እንኳ፣
"ምን ማለታቸው ይሆን?" ሲል የሚውል ሰው፣
አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ዓረፍተ ነገር፣
አንድ፣ ሁለት ሳይሆን፣ ጻፍ ሲሉት ጭንቅ ነው።

ምዕራፍ አንድ ቀና ነበር። "ትራኩን በስሙ ጥራ፤
የቱ እንደሆነ ሳትለይ አትዘዝ ሥራ።"
ይህን የጻፍሁት፣ "ከበሮውን ቀንስ" ብዬው አንድ ቀን፣
ሦስቱንም ከበሮ፣ ጭብጨባውንም ጨምሮ ቢያጠፋብን፤
ባዶ ሜዳ ላይ እስክስታ ሆነብን።

ነሐሴ ሲገባ፣ ከቡሬ መጡ አቶ ባይለየኝ፣
ማሲንቋቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ "ቆዳው እንዳይርስብኝ"።
አንድ አንቺ ሆዬ ቀዳን። በቅጂው ውስጥ ሳል አለ፤
የወንበር ሲጥታ አለ፤
ከታች፣ ከጎማ ቤቱ፣ "ያዝ! ያዝ!" የሚል ልጅ አለ፤
ደጋኑ ጭራውን ሳይነካ በፊት፣ ዋንጫ ሊጨልጡ ይመስል ሁሉ፣
ትንፋሽ ይስባሉ ሰውዬው፤ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ።

እንየው ቸኩሏል። "አጽዳው" አለው፣ በአንድ ቃል።
(እኛ ዘንድ ቃሉ ብዙ ነው፤ ቤት ይጸዳል፣ ስም ይጸዳል፣
ነፍስም በንስሐ ይጸዳል።)
ረዳቱ ግን ታማኝ ነው፤ ሰሙን ብቻ ሰማ።
ሳሉን አነሣ። ሲጥታውን። የጎማ ቤቱን ልጅ።
ትንፋሹን ከየስንኙ ጫፍ፣ እንደ እንክርዳድ፣ ገባ ለቀማ።
ያቺን፣ ከፒያኖ ቁልፍና ቁልፍ መሐል የምታድረውን፣
የአንቺ ሆዬን ስስ ድምፅ፣ "ስታለች" ብሎ፣
ወደ ቅርቡ ቁልፍ ወሰዳት፣ በጆሮዋ አንጠልጥሎ።
አርባ ሰከንድ። ዘገባውም፦ "መቶ አሥራ አራት ስሕተት ታርሟል።"
ንጹሕ ነው፤ እንደ ተላጨ ራስ ያበራል።

አቶ ባይለየኝ ማዳመጫውን አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤
እስከ መጨረሻው።
"ጎበዝ ነው" አሉ፣ ሳያማርሩ። "ልጁ፣ ማነው ስሙ?"
"እርስዎ ነዎት።"
"እኔ እንኳ አይደለሁም።
እኔ እዚህች ጋ ተንፍሻለሁ። ይሄ አልተነፈሰም።"
ስማቸው ባይለየኝ፤ ድምፃቸው ግን ተለያቸው።

እንየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ መብራት ሄደ።
ረዳቱ ሥራውን ገና አላስቀመጠም ነበር።
በማግስቱ ማታ ስንከፍተው፣
ሳሉ እቦታው፣ ልጁ እጎማው፣ ሁሉም እንደነበር።

ይህን በምን ቋንቋ ልጻፍ? መመሪያ ላይ፣
"ስሕተት ቢፈጠር መብራት እስኪሄድ ይጠብቁ" ይባላል ወይ?

ሌሊቱን ምዕራፍ ሰባትን ጻፍሁ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍሁ።
"ከማጽዳት በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።" እውነት ነው፤ ግን ምንም አላልሁ።
"'ስሕተት' የሚለውን ቃል ለረዳቱ አይስጡት፤ ይበዛበታል።"
"ይሄማ ስብከት ነው" አለኝ እንየው፤ "ደብር ይሻልሃል።"
በመጨረሻ አንዲት መስመር ቀረች፦
"ትንፋሽ እንደ አንድ መሣሪያ ይቈጠር። ሳይጠየቅ አይነካ።"
ጠፍጣፋ ናት። ፍቺዋ አንድ። ሳላስበው ኮራሁባት ለካ።

ረዳቱም መመሪያ ያነባል፤ የምጽፈውን ነው የሚያድርበት።
ጠዋት ስመጣ፣ ፋይሉን ከፍቶ፣ ምንም ሳይነካበት፣
አንድ ጥያቄ ጽፏል፦
"ሳልስ፣ ትንፋሽ ይባላል?"

ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምዕራፉ አላለቀም።
"አዎ በለውና እንጨርስ" ይላል እንየው።
ቅዳሜ ቡሬ እወርዳለሁ። ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልጽፍም።